በእሾህ የተዘጋው ኤላ

ጀልዴሳ ላይ የሆንኩትን ልንገራችሁ። ከድሬ ወጥተን የገጠሩን የውሃ ጉድጓዶች ካርታ ላይ እያስገባን ነው። በጋው ገና መግባቱ ቢሆንም ወንዙ አሸዋ ብቻ ሆኗል። አፉ በእሾህ የተከደነ ኤላ፣ በእጅ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ፣ አገኘሁና የተተወ መስሎኝ ታብሌቱ ላይ መዘገብኩት። ጥልቀቱን ልለካ እሾኹን ጎትቼ አነሳሁ፤ ሜትሩን ብሰድ ጫፉ ረጥቦ ወጣ። ለካ ውሃ አለው! ደስ ሊለኝ ሲል ከወንዙ ማዶ የቆሙት ግመሎች አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ሽታው ደርሷቸዋል። መጀመሪያ አንዷ፣ ከዚያ መንጋው በሙሉ ወደ እኔ! አንዲት እናት ከመንደሩ «ጩፊ! ጩፊ!» እያሉ እየሮጡ መጡ፤ ዝጋው ማለታቸው ነው። በባዶ እጃቸው እሾኹን ይጎትታሉ፣ እኔም እጎትታለሁ፤ የግመሎቹ ትንፋሽ ጀርባዬ ላይ ነው። እረኞቹ ደርሰው በዱላ ባይመልሷቸው ኖሮ እኔም ጉድጓዱ ውስጥ ነበርኩ።

«ምን ነካህ አንተ?» አሉኝ እናቲቱ እያለከለኩ። «ይሄ የድርቅ ነው። ሌላው ሁሉ ሲያልቅ ሽማግሌዎች ተነጋግረው ነው የሚከፍቱት። አሁን መንጋ ከጨረሰው ያኔ ልጆቻችን ምን ይጠጣሉ?»

«ይቅርታ እናቴ፣ ይኸው ዘጋነው» አልኩ።

ዓይናቸው ታብሌቱ ላይ ወደምትበራዋ ሰማያዊ ነጥብ ሄደ። «ይሄ እሱ ነው?»

«አዎ።»

«ማን ያየዋል?»

«ካርታውን የከፈተ ሁሉ።»

ከመዳፋቸው እሾህ እየነቀሉ ቀና ብለው አዩኝ። «እንግዲያ አልዘጋኸውም።»