የወይዘሮ አትጠገብ ሐምራዊ ልብስ

ሐሙስ ረፋድ፣ አዲስ አበባ፣ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፤ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ልሳኑ ቢሮው ውስጥ ተቀምጧል፣ አትጠገብ ጠረጴዛው ፊት ቆማለች፣ መስኮቱ ወደ ተማሪዎቹ ሜዳ ተከፍቷል።

አትጠገብ፦ የሶስና እናት ነኝ እያልኩዎት እኮ ነው!

ልሳኑ፦ ሰምቻለሁ። እኔም አይደለሽም እያልኩሽ ነው።

አትጠገብ፦ እንዴ! ምጡ ላይ ነበሩ እንዴ እርስዎ?

ልሳኑ፦ ቀስ በይ። ለቅዳሜው የወላጆች በዓል መጥሪያ የምንሰጠው ለወላጅ ነው። የሶስና እናት የራሳቸውን ወስደዋል። ልጃቸው ከስድስተኛ ክፍል አንደኛ ስለወጣች አብረዋት መድረክ ላይ ይወጣሉ።

አትጠገብ፦ አንደኛ መውጣቷን የሰማሁት ከጎረቤት ነው። በዓል አለ እንኳ አላለችኝም።

ልሳኑ፦ ለምን ትነግርሻለች? እናቷ አይደለሽማ።

አትጠገብ፦ እስቲ ስሜን ይጠይቁኝ።

ልሳኑ፦ እሺ፣ ማን ነው ስምሽ?

አትጠገብ፦ አትጠገብ።

ልሳኑ፦ አይ ሶስና! ስሙን እንኳ አስጠንታሻለች። ወይዘሮ አትጠገብን ከአምና ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። የወላጅ ኮሚቴ ውስጥ ናቸው። የሴቶቹን ሽንት ቤት ያሠሩልን እሳቸው ናቸው። ባለፈው ስብሰባ ላይማ ስለ ልጅ አስተዳደግ ሲናገሩ ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ።

አትጠገብ፦ እኔ ነኝ ስብሰባ ላይ የተናገርኩት?

ልሳኑ፦ አንቺማ አይደለሽም። እሱን እኮ ነው የምልሽ!

አትጠገብ፦ አንደኛ ክፍል ያስመዘገብኳት እኔ ነኝ። ያኔ እርስዎ አልነበሩም። ከዚያ ወዲህ ከሥራ አይለቁኝም፣ ለዚያ ነው ያልመጣሁት።

ልሳኑ፦ ስሚ፣ እኔ ለዚህ ነገር አዲስ አይደለሁም። ወላጅ አምጡ ስንላቸው ከመንገድ ሰው ለምነው ይመጣሉ። ባለፈው ወር አንዱ የታክሲ ረዳት ይዞ መጥቶ አጎቴ ነው አለኝ። ሰውየውን የልጁን ስም ብጠይቀው ‹መገናኛ፣ መገናኛ› ሊለኝ ምንም አልቀረው።

አትጠገብ፦ እኔን ማንም አልለመነኝም። አንቺም አይበሉኝ። የተማሪ እናት ነኝ።

ልሳኑ፦ እህ፣ ጭራሽ እርስዎ ልበልሽ?

አትጠገብ፦ መታወቂያዬን ላሳይዎት። መሃረቤ ውስጥ ቋጥሬዋለሁ፣ ቆይ ልፍታው።

ልሳኑ፦ ፍቺው፣ ፍቺው። ሴትየዋን ብታያቸው ግን አፍረሽ መልሰሽ ትቋጥሪው ነበር። ስሙም የሚያምረው እሳቸው ላይ ነው። መነጽራቸው፣ ሐምራዊ ሙሉ ልብሳቸው፣ ደረታቸው ላይ የብር ቢራቢሮ…

አትጠገብ፦ ሐምራዊ?

ልሳኑ፦ ሐምራዊ። አንዲት መጨማደድ የለችበትም።

አትጠገብ፦ ቢራቢሮዋ አንድ ክንፏ ጎበጥ ያለ?

ልሳኑ፦ አንቺ ደግሞ በምን አወቅሽ?

አትጠገብ፦ ካውያ ያስነካኋት እኔ ነኛ! እትዬ ጽጌ ናቸው። ልብሳቸውን የማጥበውም የምተኩሰውም እኔ ነኝ። ለስብሰባ ነው ያሉኝ ቀን አንገትጌውን ሁለቴ ነው የተኮስኩላቸው። የማን ስብሰባ እንደሆነ መች ነገሩኝ!

ልሳኑ፦ አሃ! በይ እንግዲህ፣ የቤት ሠራተኛቸው ነሽ።

አትጠገብ፦ ልብሳቸውን አጥባለሁ። ልጄን ግን አልሰጠኋቸውም! እሳቸው ልጅ የላቸውም። ሶስናን የሚያውቋት እኔን ልታግዝ ስትመጣ ነው። እንዴት እንዲህ ያደርጉኛል? እሷስ እንዴት እንዲህ ታደርገኛለች?

ልሳኑ፦ አምና ነው ወላጅ አምጪ ያልናት። አንዷ ልጅ ‹እናትሽ የሰው የውስጥ ሱሪ አጣቢ› ብትላት አፍንጫዋን አደማቻት። እናቷ መጡና ‹እኔ እንኳን የሰው የራሴንም አላጥብ› አሉን። ሳቅን። ተሳዳቢዋን ልጅ ውሸታም ብለን ይቅርታ አስጠየቅናት።

አትጠገብ፦ ለእኔ ብላ ነው የተጣላችው?

ልሳኑ፦ ላንቺ ብላ ይሁን ስላንቺ አፍራ፣ እሱን እኔ አላውቅም።

አትጠገብ፦ አንጀቴን አቃጠሉት።

ልሳኑ፦ ያቻትልሽ፣ ባንዲራው ሥር። እዚህ ስትገቢ አይታሻለች።

አትጠገብ፦ ታዲያ ምነው አልመጣች?

ልሳኑ፦ ፊቷን በደብተር ሸፍና ቆማለች። ልጥራትና ፊት ለፊት ትንገረን?

አትጠገብ፦ አይጥሯት! ጓደኞቿ አብረዋት ናቸው።

ልሳኑ፦ እንግዲያው በደንብ አስቢበት። ባለ ታክሲ ረዳቱን ልጅ ያን ዕለት ነው ያባረርነው። ሐሰተኛ ወላጅ ያመጣ ተማሪ ይባረራል፣ ደንብ ነው። ሶስና ደግሞ አንድ ቀን አይደለም፣ ከአምና ጀምሮ ነው። አንቺ እናቷ ከሆንሽ ሽልማቱም ቀረ፣ እሷም ዛሬውኑ ቦርሳዋን ይዛ ትወጣለች።

አትጠገብ፦ እርስዎ እኮ እውነቱን አውቀውታል አሁን።

ልሳኑ፦ እኔ የማውቀው በሽንት ቤቱ ምረቃ ላይ ሪባን የቆረጡትን እናት ነው። መታወቂያሽን ካሳየሽኝ ግን ማወቄ ነው። አምጪው፣ እርስዎ እልሻለሁ።

አትጠገብ፦ ሌላ ትምህርት ቤት አይቀበላትም?

ልሳኑ፦ በአጭበርባሪነት ተባርራ? ማን ይቀበላታል!

አትጠገብ፦ አሁንም ሸፍናለች?

ልሳኑ፦ ደብተሩን አውርዳዋለች። ወደዚህ እያየች ነው።

አትጠገብ፦ እያለቀሰች ነው?

ልሳኑ፦ ከዚህ አይታየኝም። መታወቂያው የት አለ?

አትጠገብ፦ ቤት ረስቼዋለሁ።

ልሳኑ፦ መሃረቡ ውስጥስ?

አትጠገብ፦ ምንም የለም።

ልሳኑ፦ ታዲያ ማን ነኝ ብለሽ ነው የመጣሽው?

አትጠገብ፦ የወይዘሮ አትጠገብ ሠራተኛ ነኝ። በዓሉ ቅዳሜ በስንት ሰዓት እንደሚጀመር ጠይቀሽ ነይ ብለውኝ ነው፣ ሐምራዊውን ቀደም ብዬ እንድተኩስላቸው።