ካሳን ፍለጋ የመጣው ጣልያን

ስሙኝማ ልጆቼ! በጣልያን ጊዜ ነው። ከአማኑኤል በላይ መንገድ የሚቆፍር አንድ መንማና ጣልያን ቤታችን ዘው ብሎ «ካሳ! ካሳ!» እያለ ያለቅስ ጀመር። ካሳ ማለት አርበኛው አጎቴ ነው፤ ያን ሰዓት እዚያው ጎታችን ውስጥ ተደብቋል! እናቴ ጎታውን በጀርባዋ ከልላ ቆመች።

«ኧረ ጌታዬ፣ ካሳ የሚባል ሰው አናውቅም!» አለች።

እሱ ጭራሽ ባሰበት። ምድጃው አመድ ላይ በጣቱ ቤት ሣለ፤ ደጁ ላይ አንዲት ጎታ የምታህል ሴት አቆመ። ቤቱን እየነካ «ካሳ»፣ ሴትዮዋን እየነካ «ማማ» አለና የተጣበቀ ሆዱን መታ መታ አደረገ። ለካ በነሱ ቋንቋ ካሳ ቤት ነው!

«እኔን! እንጀራ ፍለጋ ነው እናትህን ጥለህ የመጣኸው?» ብላ እናቴ ቆሎ ዘገነችለት።

ይኼኔ አጎቴን አላስችል አለው። ጤፍ በጤፍ የሆነ ጭንቅላቱን ከጎታው ብቅ አድርጎ «ታዲያ ቤቱ ከናፈቀው መንገዱን ወደኛ ምን አመጣው? አዙሮ ወደ እናቱ አይሠራውም!» ብሎ አንባረቀ።

ጣልያኑ ጎታ ሲቆጣ አይቶ አያውቅ፣ ቆሎውን በትኖ ፈረጠጠ። በዚያ ሩጫው መንገድም ሳያሻው የእናቱ ጉያ ገብቷል።