የጋሽ ይቆይ መጋዘን

«ቤት ከማፍረሳችሁ በፊት ለባለቤቱ አይነገርም እንዴ?» አሉ አናጢው፣ መጋዘናቸው በር ላይ ቆመው።

ውስጥ ግድግዳውን በሜትር የምትለካው ወጣት ደንግጣ ዞረች።

«ማን ሊያፈርስ ጋሼ? ልጆች ምሳ ሊበሉበት ነው እንጂ! ባለቤትዎ እትዬ ናቸው ‹ግቢና ለኪ› ያሉኝ።»

ጠጋ ብለው ቢያዩዋት የሰፈሩ ጫማ ሰፊ ልጅ ናት። ትናንት በመጋዝ ብናኝ ስትጫወት ያባርሯት የነበረችው፣ ዛሬ ከአጥሩ ወዲያ ያለው ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርት ሆናለች።

አናጢው በሰፈሩ «ጋሽ ይቆይ» ነው የሚባሉት። መጋዘኑን ያጨናነቀውን ጣውላ ሰው ልግዛ ቢላቸው፣ ባለቤታቸውም ይነሳልን ብለው ቢለምኗቸው መልሳቸው ያው ነው፦ «ይቆይ! አንድ ቀን ለቁም ነገር ይፈለጋል።» ያ አንድ ቀን ግን መንገድ ጠፍቶት ነው መሰል፣ ሳይመጣ ጣውላው አቧራ ለበሰ።

«መንግሥት ለችግረኛ ልጆች የምሳ በጀት መድቧል» አለች መምህርቷ። «እህሉንም፣ ዘይቱንም፣ የምግብ አብሳዮቹን ደመወዝም እችላለሁ ብሏል። መመገቢያውን ግን እናንተ ፈልጉ ነው ያለን። እስከ ዓርብ ካላገኘን በጀቱ ለሌላ ትምህርት ቤት ይዞራል። የእኛ ግቢ መፈናፈኛ እንደሌለው ያውቃሉ። ይሄ መጋዘን ደግሞ ከአጥራችን ጋር የተጣበቀ ስለሆነ፣ በር ብናወጣለት…»

«ይቆይ! ቦታው ቀርቶ ነገሩ ራሱ አልተዋጠልኝም። ልጅን የሚያበላው አባቱ ነው። መንግሥት ጠመኔ ይግዛ፣ መምህር ይቅጠር፤ ማጉረስ ከመቼ ወዲህ ነው ሥራው የሆነው? ደግሞስ ወላጁን አያሰንፈውም?»

«ሰነፎች እኮ አይደሉም፣ ጋሼ። አንዷ እናት ጎህ ሳይቀድ ወጥታ የሰው ልብስ ስታጥብ ነው የምትውለው። ያም ሆኖ ለቤት ኪራይና ለቁርስ እንጂ ለምሳ አይተርፋትም። ልጇ እኩለ ቀን ሳይደርስ ዴስኩ ላይ ድፍት ይላል። እኔም ለተኛ ልጅ አስተምሬ ደመወዜን እበላለሁ። ይሄስ የመንግሥት ገንዘብ አይደለም?»

ይህን ጊዜ ከጎን ካለው ወርክሾፓቸው የሠራተኛቸው ድምፅ ተሰማ።

«ጋሼ፣ ማሽኑን ላስነሳው?»

«ምሳ በልተሃል?»

«ኧረ ገና ነኝ!»

«እንግዲያው እንዳትነካው! መጀመሪያ ብላ!»

«ለምን ከለከሉት?» አለች መምህርቷ።

«የራበው ሰው ዓይኑ ይቅበዘበዛል! እንጨቱን ያበላሻል፣ ሲብስም ጣቱን ይጥላል። እኔ ዘንድ በባዶ ሆድ መጋዝ አይነካም። ምሳውንም የምችለው እኔው ነኝ!»

«ታዲያ ሰነፈ?»

«ማ? እሱ? እንደሱ ያለ ታታሪ የት…» አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

መምህርቷ ጨዋ ናትና፣ ወደ ጣሪያው ቀና ብላ የሸረሪት ድር ማድነቅ ጀመረች።

«እሺ ይሁን» አሉ አናጢው ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ግን ‹ድሆቹ ወደዚህ› እያላችሁ ለብቻ ካስቀመጣችኋቸው፣ የበሉት ቃር ነው የሚሆንባቸው።»

«ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚበሉት። የቻለ ወላጅ ይከፍላል፣ ላልቻለው መንግሥት ይከፍላል። የማን ምሳ በማን እንደተከፈለ ልጆቹ አያውቁም።»

ጋሽ ይቆይ ወደ ጣውላው ክምር ሄዱ። ከዚያ ከሁሉ የሚረዝመውን ጣውላ አቧራ በመዳፋቸው ጠረጉለት።

«አግዳሚ ወንበርስ አላችሁ?»

«እሱ እንኳ…»

«ይሄ ጥሩ ጠረጴዛ ይወጣዋል። ከዚያኛው ደግሞ አግዳሚ እሠራላችኋለሁ።»

እንዲህ ሆኖ የጠፋው ቀን ቤቱን አገኘ። ልጅ ሆዱ ሲሞላ ዓይኑ ሰሌዳው ላይ ይውላል፤ እናቱ ሳትሳቀቅ ሥራዋን ትሠራለች፤ መንግሥትም ለትምህርት ያወጣው ገንዘብ ዴስክ ላይ ተኝቶ አይቀርም። ይህን ሁሉ አናጢው ወደ ቤት እስኪገቡ ድረስ፣ ከጥንትም የራሳቸው ሐሳብ እንደነበረ አድርገው ሸምድደውታል።

«ሰማሽ?» አሉ፣ ልብስ የሚሰፉት ባለቤታቸው ፊት ደረታቸውን ነፍተው። «ነገ መጋዘኑን ባዶ አደርገዋለሁ። የራባቸው ልጆች እያሉ ይቆይ አይባልም!»

ባለቤታቸው ከመርፌያቸው ቀና አላሉም።

«ለካ እስከ ዛሬ ርቦኛል ማለት ነበረብኝ።»