በጥሩሩ ጉልበት ላይ ስለነበረው የአራት ጣት ክፍተት

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሩ ስም፦ በመዝገቡ ላይ ሰፍሯል፤ በሰፈር የሚጠሩበት አባባ መቀስ
ዕድሜ፦ 78 (ምስክሩ "ጥርሶቼ ግን ዘጠኝ ናቸው" ብለዋል)
ሥራ፦ ልብስ ሰፊ የነበሩ፣ አሁን ሥራ ያቆሙ
አድራሻ፦ ከሲኒማ ቤቱ ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ፣ ባለ አረንጓዴ በሩ ቤት፣ ከሴት ልጃቸው ጋር
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ዓርብ፣ አደጋው በደረሰ በስድስተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡20
ጉዳዩ፦ በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስ
ተጠርጣሪ፦ የፊልም አልባሳት ሠሪ፣ ዕድሜ 26፣ ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ በማረፊያ ክፍል ያለች

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ነው። ማንም ሳይጠራኝና ሳያስገድደኝ በራሴ እግር ወደ ጣቢያው መጥቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። "በራሴ እግር" የሚለው ሳይቀር ይጻፍልኝ ስላልኩ ተጽፏል። በቤታችን ውስጥ በራሱ እግር የሚሄድ ወንድ አሁን እኔ ብቻ ነኝ።

ተጎጂው የሴት ልጄ ልጅ ነው። ዕድሜው ሠላሳ አንድ ሲሆን በሲኒማ ቤቱ ትኬት ይሸጣል። ሰውነቱ ሙሉ ስለሆነ ከልጅነቱ ጀምሮ በርሜል እያልኩ እጠራዋለሁ፤ እሱም በአጸፋው ምስማር ይለኛል። ሲኒማ ቤቱ ስለ ጦረኞች የተሠራ አዲስ ፊልም ቅዳሜ ሊያስጀምር ስለነበር፣ የፊልሙን ዋና ተዋጊ ጥሩር፣ ማለትም የብረት የጦር ልብሱን፣ ለብሶ ከፎቅ በትልቁ ደረጃ የሚወርድ ሰው ተፈለገ። የልጅ ልጄ "እኔ አለሁ" አለ። ካማረበት ከትኬት መስኮቱ ተነሥቶ በየፊልሙ መክፈቻ እንግዳ ተቀባይ እንደሚሆን ሥራ አስኪያጁ ቃል ገብቶለት ነበር። በዚያች መስኮት ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው ያየው እጁን ብቻ ነው።

ጥሩሩን የሠራችው ተጠርጣሪዋ ናት። የምትሠራው ከቤታችን ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ባለ አንድ ክፍል ውስጥ፣ ከጠንካራ ፕላስቲክና ከስፖንጅ ነው። ቀለሙን ስትቀባው ብረት ነው ብሎ የማይምል የለም። ልኩን በወሰደች ቀን እኔም አብሬ ሄጄ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ሜትሩ ወገቡን ሲነካው ልጁ ትንፋሹን ዋጠ። ልብስ ሰፊ ይህን ያውቃል፤ ሰው ሁሉ በሜትር ፊት ይከሳል። እኔ በሥራ ዘመኔ ደንበኛው ትንፋሹን ሲይዝ ቀልድ ጣል አደርግና፣ ስቆ ሆዱን ሲለቀው ነበር ቁጥሩን የማነበው። እሷ ግን ሥራ ላይ ቀልድ አታውቅም፤ ያገኘችውን ቁጥር ጻፈች። እኔም እያየሁ ዝም አልኩ። መርማሪው ለምን ዝም እንዳልኩ ሲጠይቁኝ፣ ሲጠበው አይቼ ልስቅበት ብዬ ነው ስል መልሻለሁ።

ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ጥሩሩን ይዞ ቤት ገባ። የደረቱ ክፍል አልገጠመም፤ በጎንና በጎኑ ያሉት ዘለበቶች በአንድ ስንዝር ተራርቀው ቀሩ። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። "በርሜሉን ክዳኑ ጠበበው!" አልኩ።

"አባባ፣ ሳቁ ይብቃህ። ቅዳሜ ጠዋት አምጣው፣ አሰፋዋለሁ ብላኛለች። ደግሞ ደረጃ አስወጥታ አስወርዳ ካላየችኝ አትለቀኝም" አለኝ።

ድንገት ቢሰበር ለመጠገኛ ብላ የተረፈውን ፕላስቲክና አንድ ቆርቆሮ ቀለም በከረጢት ሰጥታው ነበር። ከረጢቱን ሳይ እጄ በላኝ። "ስድሳ ዓመት የስንቱን ቦርጭ ኮት ውስጥ የደበቅኩ ሰውዬ እዚህ ተቀምጬ አንተ የሙጫ ለቅላቂ ደጅ ልትጠና ነው?" አልኩት። እሷን ሙጫ ለቅላቂ ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬ በዚህ አፌ አፍራለሁ።

ዓርብ ጠዋት በምግብ ጠረጴዛው ላይ ጎኑን ከፍቼ ማስፊያ ጨመርኩበት፤ ደረቱም ልክ ሆነ። እዚያ ላይ ባበቃ ኖሮ ዛሬ መርማሪው ወረቀት ባላባከኑ። ነገር ግን ልጁን በእናቱ ቁም ሣጥን መስታወት ፊት አቁሜ ዙሪያውን ስመለከት፣ በጭኑ ልባስና በቅልጥሙ ልባስ መካከል ጉልበቱ ላይ አራት ጣት የሚያህል ክፍተት አየሁ። ከሥር የለበሰው ሱሪ ይታያል። በእኛ ሙያ ሱሪው አጥሮ ካልሲው የሚታይ ሰው የሚያሰድበው ራሱን ሳይሆን ሰፊውን ነው።

"ተወው አባባ፣ እሷ ናት እንዲህ ያደረገችው" አለኝ።

"ዕቃ አጥሯት ነው" አልኩት።

ከትርፉ ፕላስቲክ ቆርጬ፣ ገበር አድርጌ ሰፋሁት፤ ቀለምም ተቀባ። ከጭን እስከ ቁርጭምጭሚት ወጥ ሆነ። መስታወቱ ፊት ሲቆም ተቀርጾ የወጣ ሐውልት መሰለ። እናቱ ከሥራ ገብታ ስታየው አፏን በሁለት እጇ ይዛ ቀረች። ከዚያ ልጁ ወንበር ስቦ ሊቀመጥ ሞከረና "አባባ፣ መቀመጥ እኮ አቃተኝ" አለ።

"ጀግና ሲቀመጥ የት አይተሃል?" አልኩት። ሦስታችንም ሳቅን። በቤታችን ለመጨረሻ ጊዜ የተሳቀው ያን ጊዜ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ወደ እሷ እንዳይሄድ፣ ሥራዬንም እንዳያስነካ ያስጠነቀቅኩት እኔ ነኝ፤ እሱም ቃሌን አክብሮ ሳይሄድ ቀረ።

መርማሪው በዚህ ዕድሜና ልምድ ይህን እንዴት እንዳላሰብኩ ጠይቀውኛል። መልሴ እንዲህ ነው፦ ስድሳ ዓመት ሙሉ ሰው የለካሁት አቁሜ ነው። ደንበኛ መስታወት ፊት ቆሞ ካማረበት የእኔ ሥራ አለቀ። ጨርቅ ደግሞ የሰፊውን ስሕተት ይሸከማል፤ ሰው ሲታጠፍ አብሮ ይታጠፋል። ፕላስቲክ አይታጠፍም። ክፍተቱን የተወችው አጥሯት ሳይሆን ጉልበት እንዲታጠፍበት ነበር።

ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከልጄ ጋር ከደረጃው ግርጌ ቆመን ነበር። የልጅ ልጄ ጥሩሩን የለበሰው ላይ ፎቅ፣ በሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ ስለሆነ ደረጃ አልወጣበትም። ሙዚቃው ተለቀቀ፤ እሱም ብቅ አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። አጠገቤ ለቆመ ለማላውቀው ሰው "እስቲ ጉልበቱን እየው፣ ስፌት ይታይሃል?" አልኩት። "አይታየኝም" አለኝ። "አይታይማ!" አልኩ። በዚህ መካከል ልጁ ቀኝ እግሩን ሰደደ። እግሩ እንደ አጣና ቀጥ እንዳለ ወረደ፤ ግራው አልታጠፍ ብሎ ላይ ቀረ። ሃያ ሁለቱን የድንጋይ ደረጃ ተንከባሎ እግሬ ሥር ደረሰ። የራስ ቁሩን ሳወልቅለት ዓይኑ ተገልጧል። "አባባ፣ እግሬን ያዝልኝ እስቲ" አለኝ። ይዤው ነበር። አልታወቀውም።

ሐኪሙ በሦስተኛው ቀን ከወገብ በታች ያለው እንደማይመለስ ነገረን።

ልጄ በዚያው ቅዳሜ ማታ ሠሪዋን ከስሳ አሳሰረች። ክፍተቱን ማን እንደሞላው ታውቃለች። "ልናገር" ስላት "አባዬ፣ የልጄ እግር ሄደ። አሁን ደግሞ አንተን እስር ቤት ልጠይቅ? ዝም በል" አለችኝ። ስድስት ቀን ዝም አልኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ ስድስት ጊዜ አድሬ ጠብቄያለሁ፤ ሲነጋ ያየሁት ንጋቱን ብቻ ነው።

ተጠርጣሪዋ ከተያዘችበት ሰዓት ጀምሮ "ጉልበቱ ላይ ክፍተት ትቼ ነበር" እያለች መሆኑንና፣ ጥሩሩን የመረመረው ባለሙያ ግን ጉልበቱም፣ ከጉልበቱ በላይና በታች ያለውም ሥራ የአንድ እጅ ነው ብሎ መጻፉን መርማሪው ነግረውኛል። ጥፋቴ ይህም ነው፤ ሥራውን አሳምሬዋለሁ። መርማሪው የእግሩን ልባስ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው እሷንም አስጠሩ። እጅጌዋ ላይ ቀለም ደርቋል። ከቅዳሜ ወዲህ ልብስ አለመቀየሯን አየሁ። ገበሩን ገልብጬ ስፌቱን አሳየኋት። በጥፍሯ ዳር እስከ ዳር ዳሰሰችው።

"እርስዎ ነዎት?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ ልጄ።"

"ያምራል" አለች። ቢሰድቡኝ የምመልሰው አላጣም ነበር፤ ይህን ሰምቼ ግን ገበሩን ወደ ቦታው መለስኩት።

ልጄ ረቡዕ በሰጠችው ቃል፣ አባቴ ዓይኑ ደክሞ እጁም ስለሚንቀጠቀጥ ስፌት ካቆመ አራት ዓመቱ ነው ብላለች። ይህ ውሸት አይደለም። መርማሪው መርፌና ክር አምጥተው "እንግዲህ አባቴ፣ ይስፉልኝ" አሉኝ። ክሩን ሰባት ጊዜ ሞከርኩ። መርፌው አንድ ቦታ አልቆም አለኝ። "ሌባ ነው፣ ይሸሻል" ብዬ ቀለድኩ፤ የሳቀ የለም። በዚያ ዓርብ ክር ያስገባልኝ፣ ፕላስቲኩን ይዞ ያጠበቀልኝ፣ ቀለሙንም የቀባው የልጅ ልጄ መሆኑን፣ የእኔ ድርሻ መቁረጥና መስፋት እንደነበር፣ እሱን ብትጠይቁት እንደሚያስረዳ ተናገርኩ።

ከጠዋቱ 4፡45 ላይ መርማሪው ወደ ሆስፒታል ደውለው፣ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት። አያትህ የጥሩሩን ጉልበት ሰፍተውታል ወይ ብለው ጠየቁት። የአንዲት ነርስ ድምፅ ይሰማ ነበር።

"አባባ? አባባ እኮ መርፌ አያይም" አለ። "አልነካውም።"

"በርሜል!" ብዬ ጮኽኩ። "እውነቱን ተናገር! ልጅቷ ታስራለች!"

ከዚያ መርማሪውን "አጠገብዎ ነው አይደል? እሱ ሁልጊዜ ይቀልዳል። እማዬን ጠርታችሁ አባባን ወደ ቤት ላኩልኝ፤ እሱንም ካጣሁ ማን ያስቀኛል" አላቸው። ስልኩ ተዘጋ።

ይህ ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ። በውስጡ ያሉት ቀልዶች የእኔ ናቸው፤ ክፍተቱን የሞላሁትም እኔ ነኝ። አንዱን ተቀብሎ ሌላውን መጣል እንደማይቻል አሳስቤያለሁ። ከተናገርኩት ሐሰት ቢገኝ በሕግ ልጠየቅ፤ እውነት ሆኖ ቢገኝም እንዲሁ ልጠየቅ።

የምስክሩ ፊርማ፦ (እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ በጣት አሻራ)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ (ፊርማ)

የመርማሪው ማስታወሻ፦ የምስክሩ ቃል ከተጎጂው፣ ከእናቱና ከባለሙያው ቃል ጋር ስላልተጣጣመ ከመዝገቡ ጋር ተያይዞ ይቀመጥ። ምስክሩ እሰሩኝ በማለት ከወንበራቸው አልነሣም ስላሉ፣ ልጃቸው ተጠርታ 5፡30 ላይ ደግፋ ወስዳቸዋለች። ተጠርጣሪዋ ወደ ክፍሏ ተመልሳለች።