የውሃ አባቱ የሚወርድበት ቀን

(ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ወሎ ቆላ ውስጥ በአንድ የመስኖ ማኅበር መጋዘን ስብሰባ ተጠርቶ ሰው ሳይመጣ ቀርቷል፤ የመስኖውን ውሃ በተራ የሚያከፋፍለው የተመረጠው የውሃ አባት ይመርና የማኅበሩ የቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ እትዬ አስካለ ባዶዎቹን አግዳሚዎች እያነሱ ነው።)

ይመር፦ ኧረ እትዬ፣ አግዳሚውን ይተዉት! እኔን ያንሱኝ እንጂ አግዳሚውስ የትም አይሄድ።

አስካለ፦ በምን ላንሳህ? በእጄ? ከመጡት ውስጥ አንዱ አንተ፣ አንዷ እኔ፣ ያ ጥግ ይዞ ያንቀላፋው ደግሞ ከፀሐይ የሸሸ የፍየል ነጋዴ።

ይመር፦ አይቀልዱብኝ፣ ሆዴ እያረረ ነው።

አስካለ፦ ቀልድ የለውም። ማኅበርተኛው ካልሞላ ጉባኤ አይባልም። ጉባኤ ካልሆነ ደግሞ አንተን የሚያወርድህ የለም። ደንቡ ነው።

ይመር፦ መልቀቂያ ልጻፍላቸው።

አስካለ፦ ጻፍ። የሚቀበልህ ጉባኤው ነው።

ይመር፦ ወይ ጣጣ! አገሩ በሙሉ ይመር ይውረድ ይላል። ወፍጮ ቤት ይላሉ፣ ገበያ ይላሉ፣ ሚስቴ ውሃ ስትቀዳ እንድትሰማ ጮክ ብለው ይላሉ። እኔም ልውረድ እላለሁ። እነሱ ይውረድ፣ እኔም ልውረድ! ታዲያ ማነው ወንበሩ ላይ ያሰረኝ?

አስካለ፦ እነሱው ናቸዋ። ስለጠሉህ ስብሰባህን አይረግጡም። ስላልረገጡ ጉባኤው አይሞላም። ስላልሞላ አትወርድም።

ይመር፦ ይሄ የእብድ ደንብ ነው!

አስካለ፦ አብደን ሳይሆን ነቅተን ነው ያወጣነው። ረሳኸው እንዴ? ያኔ ደንብ ሳይኖረን ተራው የተቆረጠበት ሁሉ ዘመዶቹን ሰብስቦ ይጮሃል፣ የውሃ አባቱ በማግስቱ ይወርዳል። በአንድ በጋ ሦስት ሾመን ሦስቱንም አወረድን። ቦዩን የሚያስጠርግ ጠፍቶ ደለል ሞላው፣ የሁላችንም ሽንኩርት በቁሙ ደረቀ። ከዚያ ነው የተመረጠ ሰው ሦስት ዓመቱን ይቀመጥ፣ ያለ ጉባኤ አይነካ ያልነው። እውነት ሲፈርድ ሰው እንዳይፈራ ብለን።

ይመር፦ እኔ መች ፈራሁ? አለመፍራቴ አይደል ጉድ የሠራኝ።

አስካለ፦ እሱስ ልክ ነህ።

ይመር፦ እሁድ የልጄ የዘሃራ ሰርግ ነው።

አስካለ፦ አውቃለሁ።

ይመር፦ አያውቁም! ቢያውቁማ ቆመው አግዳሚ አይደረድሩም ነበር። ዳሱን ማን እንደጣለው ያውቃሉ? እኔና የሚስቴ ወንድም። የታላቅ እህቷ ሰርግ ጊዜ መንደሩ ማገርና ቅጠል ተሸክሞ መጥቶ፣ ገና ረፋድ ላይ ዳሱ ቆሞ ጭፈራው ቀልጦ ነበር። ዘንድሮ እንጨት የሚያቀብለኝ ሰው አጥቼ፣ መሰላሉ ላይ እንደቆምኩ አለቀስኩ።

አስካለ፦ አንተ? አለቀስክ?

ይመር፦ አለቀስኩ። ለማንም እንዳይነግሩብኝ።

አስካለ፦ እኔን! ጠርተሃቸዋል ግን?

ይመር፦ ቤት ለቤት ዞሬ። በራቸው ላይ ይቆሙና «እናያለን» ይሉኛል። ለሰርግ እናያለን ይባላል? ግቡ እንኳ የለም! እንድሪስ፣ የእናቴ ልጅ፣ አብሮኝ ጡት የጠባው፣ እሱም «እናያለን» አለኝ።

አስካለ፦ የእንድሪስን ተራ በግማሽ ቆርጠህበታላ።

ይመር፦ የሁሉንም ቆርጫለሁ! የራሴንም! ወንዙ ሲሳሳ ምን ላድርግ? ከኪሴ ላፍስሰው?

አስካለ፦ እሱን ማን አጣው። ግን ላይኛው ሰፈር የጠላህ የቦዩን በር ስለዘጋህበት ነው፤ ታችኛው ሰፈር የጠላህ ደግሞ ቶሎ ስላልዘጋህለት። ላይኛው አንተን አውርዶ የራሱን ሰው ሊያስቀምጥ ይፈልጋል፣ ታችኛውም እንደዚያው። የሌላው ሰፈር ሰው ከሚሾምባቸው አንተን ሲያሙ ቢኖሩ ይሻላቸዋል። በዚያ ላይ ሥራውን ራሱን የሚፈልገው ማነው? በዚህ ድርቅ?

ይመር፦ ወላሂ እስላምና ክርስቲያኑ እንዲህ በአንድ ልብ ሲስማማ አይቼ አላውቅም። እኔን በመጥላት! ለሁለቱም ለየብቻ በሬ ገዝቻለሁ። የክርስቲያኑን የሚያርድልኝ ሰው እንኳ አጣሁ። በሬው ቆሞ ያየኛል፣ እኔም ቆሜ አየዋለሁ።

አስካለ፦ የኔን ወንድም እልክልሃለሁ። እሱ ብዙም አይጠላህም።

ይመር፦ አንድ አራጅ ዳስ ይሞላል? ሌላ መውረጃ ይፈልጉልኝ እንጂ። ያለ ጉባኤ የሚያወርድ ምንም የለም?

አስካለ፦ አለ። ውሃ ከሰረቅህ ወይም ጉቦ ከበላህ ኮሚቴው በዚያው ቀን ያግድሃል።

ይመር፦ በቃ! ዛሬውኑ እሰርቃለሁ።

አስካለ፦ ምን አልክ?

ይመር፦ በሩን ወደ ማሳዬ እለቀዋለሁ፣ በርበሬዬ እስኪዋኝ። እርስዎ ዳር ቆመው ይመስክሩ። ነገ ያግዱኝ፣ ቅዳሜ ወሬው ይዳረስ፣ እሁድ ሰው ይምጣልኝ።

አስካለ፦ ወደ ሌባ ሰርግ? አማቶቹስ «የማንን ልጅ ነው የወሰድነው» አይሉም?

ይመር፦ እሱን አላሰብኩትም።

አስካለ፦ ደግሞም አትችልበትም። በሩን ከፍተህ ራስህን ልትቀጣ ትመለሳለህ። የጠሉህ በሌብነት መች ሆነና።

ይመር፦ ታዲያ በምን?

አስካለ፦ ብነግርህ ትቀየመኛለህ።

ይመር፦ የቀሩኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። እርስዎን ተቀይሜ ከማን ጋር ላውራ?

አስካለ፦ ሙሄ።

ይመር፦ ሙሄ ያለ ተራው በር ከፈተ፣ ቀጣሁት። ማንም ቢሆን እቀጣዋለሁ።

አስካለ፦ መቅጣትህን ማን ጠላ? የት ሆነህ ነው የቀጣኸው?

ይመር፦ እሱማ ያው…

አስካለ፦ በል እንጂ፣ ተናገረው።

ይመር፦ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ።

አስካለ፦ የማን ለቅሶ?

ይመር፦ የእናቱ።

አስካለ፦ የእናቱ! ሰውዬው ፎጣውን አፉ ላይ ይዞ ሲነፋረቅ፣ አንተ ድንኳኑ መሐል ተገትረህ «ሙሄ ዳውድ፣ ውሃ በመስረቅ ተቀጥተሃል» አልክ። እኔ በሞትኩት! መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ ነው ያልኩት።

ይመር፦ ሰው ያለው እዚያ ነዋ! ስብሰባ ስጠራቸው አይመጡ። ቅጣት ደግሞ በማኅበርተኛው ፊት ይነገር ይላል ደንቡ። ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ሞልቶ አየሁት፣ አንድም የቀረ የለም። እንግዲህ ሁሉም ካለ ልናገር ብዬ ነው። ክፋት አልነበረኝም እትዬ፣ በአላህ።

አስካለ፦ እንዳልነበረህ አውቃለሁ። ሙሄ ግን አያውቅም። ቀና ብሎ እንኳ አላየህም። «ይሁን፣ ይመርም አንድ ቀን ድንኳን ይጥላል» ነው ያለው።

ይመር፦ ጣልኩለት፣ ይኸው! ግን ልጄ ምን አጠፋች? ትናንት ምን እንዳለችኝ ያውቃሉ? «አባዬ፣ ሰርጉ ይቅርብኝ። ኒካሁ ይታሰርና ዝም ብዬ ልሂድ» አለችኝ። ልብሷን አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ መልሳዋለች።

አስካለ፦ ውይ ዘሃራዬ!

ይመር፦ ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ ሲመጣ የሚጠብቀው ባዶ ዳስ ነው። እልል የሚል የለ፣ ተቀበሉ የሚል የለ። «ይቺ ልጅ ሰው የላትም» ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ባሏ ቢመታት፣ አማቷ ቢያንገላቷት፣ ማንን ይፈራሉ? ዕድሜዋን ሙሉ ሰው የሌላት ሆና ልትኖር ነው፣ በኔ ምክንያት! እግርዎን ልሳም፣ እትዬ፣ አንድ መላ ይበሉኝ!

አስካለ፦ ተነስ! ኧረ ተነስ ልጄ፣ ጉልበትህን አቧራ አታስነካው። ቁጭ በልና ስማኝ። ደንቡ ላይ አንዲት ነገር አለች። የውሃ አባቱ ሦስት ጊዜ ጠርቶ ጉባኤው ካልሞላለት፣ የቁጥጥር ኮሚቴው ማኅበርተኛው በተሰበሰበበት በማንኛውም ስፍራ ጉባኤ መጥራት ይችላል።

ይመር፦ የዛሬው ሦስተኛው ነው!

አስካለ፦ ሦስተኛው ነው።

ይመር፦ ታዲያ ምን ይጠብቃሉ? ይጥሩዋ!

አስካለ፦ የት? መስጊድ ብል ክርስቲያኑ የለም፣ ቤተ ክርስቲያን ብል እስላሙ የለም፣ ገበያ ብል ማን ቆሞ ይሰማኛል? ሁሉን የሚይዝ፣ ጥላ ያለው፣ መቀመጫ የተደረደረበት ቦታ ያስፈልገኛል። ቶሎ ደግሞ።

ይመር፦ አይሆንም።

አስካለ፦ ገና መች ተናገርኩ?

ይመር፦ ገብቶኛል! አይሆንም!

አስካለ፦ እሁድ፣ በዘሃራ ዳስ። «ይመር የሚወርድበት ጉባኤ ነው፣ እጅ የምታወጡ ሁሉ ኑ» ብዬ ባስነግር አንድ ሰው አይቀርም። አልጋ የያዘው ሳይቀር በቃሬዛ ይመጣል።

ይመር፦ በልጄ ሰርግ! በአማቶቼ ፊት! እንዲህ ያለ ነገር በማን ቤት ተደርጎ ያውቃል?

አስካለ፦ በሙሄ ቤት።

ይመር፦ ይበቃል። ይበቃል፣ እትዬ። ገባኝ።

አስካለ፦ ላስቀይምህ ብዬ አይደለም።

ይመር፦ ሙሄ ራሱ ይመጣል?

አስካለ፦ ከሁሉ ቀድሞ።

ይመር፦ አማቶቼስ?

አስካለ፦ የሚያዩት ጢም ያለ ዳስ ነው። «ለልጅቷ አገር ወጣላት» ነው የሚሉት። ሌላውን የማኅበር ወጋችን ነው ብዬ እሸፍንልሃለሁ።

ይመር፦ እንግዲያው በጠዋት ይሁን። እንደተሰበሰቡ እጃቸውን አውጥተው ያውርዱኝና ልገላገል። ከዚያ እንደማንኛውም አባት ልጄን ልዳር።

አስካለ፦ በጠዋት ካወረዱህ ጉዳያቸው አለቀ፣ እየተነሱ ይሄዳሉ። ሙሽራው የሚደርሰው እኩለ ቀን ላይ ነው። የሚያገኘው አንተን፣ እኔንና ያንን የፍየል ነጋዴ ነው።

ይመር፦ ታዲያ መቼ?

አስካለ፦ ከምሳ በኋላ ነዋ። ሙሽሮቹ ተቀምጠው፣ ሰዉ በልቶ ጠግቦ፣ ጨፍሮ ሲያበቃ።

ይመር፦ ቆይ፣ ቆይ። ከምሳ በኋላማ እጁን ማን ያወጣል? የኛን ሰው አላውቀውም እንዴ! ቤቴ በልቶ፣ ሙሽራዋን ስሞ መርቆ፣ መልሶ ይመር ይውረድ ይላል?

አስካለ፦ አይልም።

ይመር፦ ሙሄም?

አስካለ፦ ሙሄ ዛሬ ተቆጥቶ ነው። አንተ በለቅሶው ላይ ያደረግኸውን እሱ በሰርግህ ላይ አያደርገውም። እንዲያውም ቀድሞ እጁን የሚሰበስበው እሱ ይመስለኛል።

ይመር፦ ከዚያስ? ሌላ ቀን ያወርዱኛል?

አስካለ፦ ጉባኤው ሞልቶ ካላወረደህ፣ ዘመንህ እስኪያልቅ ጉዳይህ ሁለተኛ አይነሳም። እስከ ከርሞ ሰኔ።

ይመር፦ እስከ ከርሞ ሰኔ! በየማለዳው የሰው በር እየዘጋሁ! በየደረስኩበት ፊት እየተነሳሁ! ሰርጉን በልተው ሰኞ ጠዋት መልሰው ሊጠሉኝ!

አስካለ፦ ወንዙ ካልሞላ፣ አዎ።

ይመር፦ አውርዱኝ ብዬ መጥቼ ጭራሽ ቸነከሩኝ እኮ፣ እትዬ። እኔ ደክሞኛል። ወላሂ ደክሞኛል። አንድ ሰው «ይመር፣ እንዴት አደርክ» ካለኝ ስንት ጊዜው።

አስካለ፦ ይገባኛል። አላስገድድህም። በጠዋት ካልክ በጠዋት አስነግራለሁ፤ ትወርዳለህ፣ ታርፋለህ። እኔ የሁሉንም ቤት ላዳርስ ነው፣ ከሙሄ ቤት ነው የምጀምረው። ምን ልበላቸው?

ይመር፦ ዘሃራ እንዳትሰማ። ለሷ ብለው እንደመጡ ይምሰላት።

አስካለ፦ ከኔ አፍ አይወጣም። ሰዓቱን ንገረኛ፣ ይመርዬ፣ መሸብኝ።

ይመር፦ ከምሳ በኋላ ይበሏቸው።