ቃጫ ያለዘበው መዶሻ

ትምህርቴን አምስተኛ ክፍል ላይ አቁሜያለሁ፤ ምላሴ ግን አላቆመም። ስለዚህ ያየሁትን ልጻፈው።

አባቴ ገመድ ይገምዳል። አንድ ጠዋት የቃጫ ትራፊ በጆንያ ተሸክሜ ልደፋ ስወጣ፣ ጎረቤታችንን ቆርቆሮ ቀጥቃጩን በራቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። የእሳቸው መዶሻ ዝም ካለ ወይ ታመዋል ወይ ከፍቷቸዋል።

«ጋሼ፣ ምነው ዛሬ መንደሩን አስተኙት?»

«ልጄ ጓዟን እየሸከፈች ነው» አሉኝ። አራሷ ልጃቸው የምትተኛው ከሥራ ቤታቸው ግድግዳ ወዲያ ነው። «መዶሻ ባነሣሁ ቁጥር ሕፃኗ ብርግግ ትላለች። እናቷም ይዛት የሁለት ቀን መንገድ ተጉዛ አማቶቿ ዘንድ ልትሄድ ነው። ሥራዬን ብተው ደግሞ ምን እንበላለን?»

ጆንያዬን አወረድኩ። «ይሄን ለግድግዳው ያልብሱት።»

«ቃጫ? ድምፅ ውሃ መሰለሽ እንዴ የሚመጠጥ?»

«አባቴ ሲጠራኝ የት እንደምደበቅ ያውቃሉ? ቃጫው መሀል! ‹አልሰማሁም› ስለው ግማሹ እውነት ነው። ድምፁ በክፍተቱ ይገባና እዚያው ሲርመሰመስ ጉልበቱ ያልቃል። ባዶ ግድግዳ ግን እንደ ኳስ ይመልሰዋል።»

«አይ አንቺ! ይሁን፣ የቸገረው እርጉዝ ያገባል» ብለው ተቀበሉኝ።

በማግስቱ ግን ጩኸቱ ብሶ አገኘሁት፤ ሕፃኗም ታለቅሳለች። ገብቼ ባይ ቃጫውን ጠቅጥቀው፣ በላዩ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ መትተውበታል!

«ጋሼ! ምን ጉድ ነው ይሄ?»

«ታዲያ ግድግዳዬ ጢሙን አንጨባሮ ይታይ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ለድምፁ በሩን ዘጉበት እኮ! ቃጫው መተንፈስ አለበት።»

ሰው በገዛ ሙያው ሲታረም ያመዋል። ፊታቸው ጠቆረ። ከወዲያ ሕፃኗ እንደገና ስታለቅስ ግን ሚስማሩን ይነቅሉ ጀመር።

ቃጫውን አፍታታነው፣ በስስ ጆንያ ሸፈንነው፤ ከምድጃው አራቅነው፣ እሳት ወዳጅ አያውቅማ። ከሚቀጠቅጡበት ብረት ሥር ደግሞ አባቴ የጎነጎነውን ወፍራም ምንጣፍ አነጠፍን። ከዚያ ጋሼ መቱ። ደግመው መቱ፤ መዶሻውን አንጠልጥለው ጠበቁ።

ልጃቸው ብቅ አለች። «አባዬ፣ ራቅ ብለህ ነው እንዴ የምትሠራው?»

«እዚሁ ነኝ። ተኝታለች?»

«ተኝታለች።»

«እንግዲያ ጓዝሽን ፍቺ፣ የኔ እናት» አሏት።

እውነቱን ልናገር፤ ጩኸቱ ጨርሶ አልጠፋም፣ ለዘበ እንጂ። ግን የምንደፋው ትራፊ ቤተሰብን ከመበተን ካዳነ ሌላ ምን እንፈልጋለን? ወፍጮ ቤት ያለው፣ ልጆች የሚንጫጩበት ክፍል ውስጥ የሚያስተምርም ቢሞክረው አይጎዳም።

ጋሼማ አሁን የሚከራከራቸውን ሁሉ እየጎተቱ ግድግዳቸውን ያሳያሉ። ለእኔ ግን ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «ማታ ማታ ጆሮዬ ይጮህ ነበር፤ አሁን ተወኝ። ትናንት ሕፃኗን ደረቴ ላይ አስተኝቼ፣ ስትተነፍስ ሰማኋት።»