ሟች የፈረሙበት ሹመት

ባለፈው የካቲት አንድ ሰኞ ጠዋት ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ ታክሲ ስጠብቅ ጋሽ ዋቅቶላ ድንገት ክንዴን ያዙኝ። ጋሽ ዋቅቶላ ከቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጀርባ ያለችው የእኛ መንደር ተጠሪ ናቸው።

"አንተ ቃልአብ፣ ኮሌጅ የጨረስከው ለመቼ ነው? በል ይህን አንብብልኝ። እኔም አንብቤዋለሁ፤ ዓይኔ ዋሽቶኝ እንደሆነ ልወቅ።"

የፍርድ ቤት መጥሪያ ነበር። ከሳሽ ወይዘሮ ሀቢባ ሀይደር፤ ተከሳሽ እሳቸው። የተጠየቀው ዳኝነት ደግሞ ጋሽ ዋቅቶላ ተጠሪ የሆኑበት ቃለ ጉባኤ እንዲሰረዝ ነው።

"ዓይንዎ አልዋሸም ጋሼ፤ ተከሰዋል።"

"በሀቢባ! ባሏ ያሕያ ሲሞት ድንኳኑን የተከልኩት እኔ! ሦስት ቀን ከደጇ ያልተለየሁት እኔ! ጎረቤት ጎረቤቱን ይከሳል? ቀድጄ ነው የምጥለው!"

"ወረቀቱ ቢቀደድም ቀጠሮው አይቀርም። ካልቀረቡ በሌሉበት ይታያል።"

"ይታያ! እኔን የሾመኝ መንደሩ ነው፤ ዳኛ አይደለም።"

ታክሲው መጥቶ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጋሽ ዋቅቶላ ክፉ ሰው አይደሉም። ሰው ሲታመም ቀድመው የሚደርሱ፣ ሲጣላ የሚያስታርቁ ናቸው። ችግሩ፣ ደግነታቸውን እንደ ማስረጃ ይቆጥሩታል።

"ለመሆኑ የተሾሙት መቼ ነው?" አልኳቸው።

"የቀድሞው ተጠሪ የአቶ ተስፋልደት ቀብር ዕለት። ከሽማግሌዎቹ ጋር ድንኳን ውስጥ ተነጋገርንና 'አንተ ተካው' አሉኝ። ወረዳው የነዋሪ ፊርማ አምጡ ሲለን የዕለቱን የእድር ስም መጥሪያ አያይዘን ሰጠን። ሰው ሁሉ ፈርሞበት የለም?"

"ሰው የፈረመው ቀብር መገኘቱን ነው!"

"እና ቀብር የመጣ ሰው መንደሩን ይጠላል?"

ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ከመጥሪያው ጋር የተያያዘውን የስም ዝርዝር ገለጥኩ።

"ተራ ቁጥር ሠላሳ አራት፣ ያሕያ ከድር። ከጎኑ ፊርማ አለ። ጋሽ ያሕያ ያን ጊዜ ከሞቱ ሁለት ዓመት አልፏቸው አልነበረም?"

ጋሽ ዋቅቶላ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

"እኔ ነኝ የፈረምኩት" አሉ። "ሀቢባ ልጇን ሐኪም ቤት ወስዳ ነበር። ቀረች ተብላ እንዳትቀጣ ነው። እድሩ እስከ ዛሬ በባሏ ስም ነው የሚጠራት።"

"ለእሷ አስበው ነው፤ አውቃለሁ። ግን ይመልከቱት፤ ሟቹ መርጠውዎታል፣ በሕይወት ያለችው አልመረጠችም። ለቤት ይዞታ ምዝገባ ለወረዳው የላኩትን የባለቤቶች ዝርዝርስ ከየት ገለበጡት?"

"ከዚያው ከእድሩ መዝገብ።"

"ስለዚህ የሀቢባ ቤት በማን ስም ሄደ?"

"በያሕያ።"

"ክሱ ላይ እንደተጻፈው፣ ወረዳ ስትሄድ 'ባለቤቱ ራሳቸው ይቅረቡ' ይሏታል። ከየት ታምጣቸው? ምዝገባው ደግሞ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል። ለማስተካከል የተጠሪ ደብዳቤ ያስፈልጋል። እርስዎ ዘንድ አልመጣችም?"

"ሦስት ጊዜ። 'ምን ያጣድፍሻል፣ እኔ እያለሁ ማን ይነካሻል' አልኳት።"

"እርስዎ በሌሉ ጊዜስ?"

ከፊታችን የተቀመጡ አንዲት እናት ሳይዞሩ "እውነቱን ነው እኮ" አሉ።

"እርስዎ ደግሞ ማን ጠየቀዎት?" ብለው ተቆጡ ጋሽ ዋቅቶላ። ወደ እኔ ግን ድምፃቸውን ቀነሱ። "እሺ፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?"

"ቀጠሮው ሳይደርስ ነዋሪውን እጠራለሁ። ለምርጫ ብቻ፣ አዲስ ዝርዝር ይዤ፤ ወንዱም ሴቱም በገዛ ስሙ። የድሮው ቃለ ጉባኤ ስህተት መሆኑን በአፌ እናገራለሁ። ያን ጊዜ ክሱን ማንሳት የእሷ ፈንታ ነው።"

"ካልመረጡኝስ?"

"ያርፋሉ።"

"ማረፍ ማን ፈለገ!" አሉ፤ ሴትዮዋ ሳቁ።

እሑድ ከሰዓት መንደሩ በሙሉ ተሰበሰበ። ጋሽ ዋቅቶላ ቆመው ያደረጉትን ሁሉ፣ የያሕያን ፊርማ ሳይቀር ተናገሩ። ጉምጉምታ ተነሣ። አንድ ሽማግሌ "እኛን አዋረድከን" ብለው ተነሥተው ሄዱ። ከዚያ ስም ጥሪው ተጀመረ።

"ሀቢባ ሀይደር!"

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። በመንደራችን አሥራ ስምንት ዓመት ስትኖር በስሟ ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነው።

"አለሁ" አለች።

ለምርጫው ጋሽ ዋቅቶላና መምህርት ሙሉአለም ቀረቡ። ጋሽ ዋቅቶላ በአራት ድምፅ ልዩነት አሸነፉ። ሀቢባ እጇን ያወጣችው ለሙሉአለም ነበር።

"አይቼሻለሁ" አሏት።

"እንዲያዩኝ ነው ያወጣሁት።"

በማግስቱ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ለእሷ ፈረሙ፤ ምዝገባው ሳይዘጋ ቤቱ በስሟ ገባ። በቀጠሮው ቀን ክሱን አነሣች። ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሌሎች ስድስት ሴቶችም ወረፋ ይዘው ስማቸውን አስተካከሉ። የሀቢባ ክስ ባይኖር ስህተቱን ማንም አያየውም ነበር። ተከሳሹም ቢሆኑ ካጡት ያተረፉት ይበልጣል፤ ዛሬ ወረዳው ፊርማቸውን አይጠራጠርም፣ የመረጣቸውም ያልመረጣቸውም ደጃቸውን ሳይፈራ ያንኳኳል።

ትናንት መንገድ ላይ አግኝቻቸው "ጋሼ፣ ተጠሪነቱ እንዴት ነው?" ብላቸው በረጅሙ ተነፈሱ።

"ያሕያ ሲመርጠኝ ይሻል ነበር" አሉ። "እሱ ምንም አይጠይቀኝም። ሀቢባ ግን ዛሬ ጠዋት ብቻ ስለ ውሃ ቧንቧው ሁለት ጊዜ መጥታለች።"

ይህን ብለው ወደ ቧንቧው አቅጣጫ ፈጠን ፈጠን እያሉ ሄዱ።